ያየ ሰው ዕጣ አይጥልም

ማክሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤታችን በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ከላይ «ክፍት የሥራ ቦታ» ይላል። ከሥሩ «የፊዚክስ መምህር» ይላል። ከዚያ ሥር ደግሞ፣ «ብዛት፦ አንድ»።

ብዛት አንድ! ጉሙ ገና ከግቢው አልተነሣም፣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል፣ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ሳቄ መጣ። ሳቅ ብቻም አልነበረም፤ ንዴትም አለበት። ቲቸር ዝማም ይህን ወረቀት ብታየው ምን እንደምትል አውቃለሁ። የጠመኔውን ብናኝ ከጣቶቿ እፍ ትልና፣ «ቢያንስ ቆጥረዋል» ትላለች።

የምጽፈው ስለ እሷ ነው። አልሞተችም። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ስለ ሰው «ነበረች» ብለው ከጀመሩ አንባቢው ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ደኅና ናት፤ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ወዲያ፣ ዛሪማ ነው ያለችው። ወደዚያ የሄደችው ግን በእኔ ምክንያት ነው። አንድ ቃል ተናገርኩና ሄደች። ያን ቃል ዛሬ ብጠየቅ እደግመዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ አጠራሯ። ደባርቅ ውስጥ መምህር «አንቺ» አይባልም። እኛም በመጀመሪያው ቀን «ቲቸር፣ እርስዎ...» ስንል ቲቸር ዝማም ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሰሌዳውን አየች።

«ከእኔ ጋር ስንት ሰው ቆሟል?» አለች።

ክፍሉ ሳቀ።

«እኔ አንድ ነኝ። አብዝታችሁ አትቁጠሩኝ። ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው።»

አፋችን ግን እምቢ አለን። ፊት ለፊት እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ስንላት ኖርን። በጽሑፍ ግን ልታዘዛት፦ እሷ።

ረጅምና ቀጭን ናት። ክረምት ከበጋ ጥቁር ቦት ጫማ ታደርጋለች። ጭቃው ደርቆ አቧራ በሆነ ጊዜ እንኳ አታወልቀውም። «ደባርቅ ውስጥ በጋ የሚባለው ቲዎሪ ነው፤ ገና አልተረጋገጠም» ትላለች። ፈተና የምታርመው በአረንጓዴ ስክሪፕቶ ነው። እና ለሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ አላት፦ «ስንት?»

«ቲቸር፣ ዛሬ በጣም ይበርዳል።»

«ስንት?»

«ቲቸር፣ ብዙ ልጅ ቀርቷል።»

«ስንት?»

ጓደኛዬ ስለናት አንድ ቀን አሞኛል ብላ ፈቃድ ልትጠይቅ ተነሣች። ቲቸር ዝማም መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ «ስንት?» አለቻት። ስለናት ደንግጣ «ሠላሳ ዘጠኝ» አለች። ጤና ጣቢያ ሲለኳት ሠላሳ ስምንት ከምናምን ሆነ። በማግስቱ ቲቸር ዝማም ክፍል ገብታ፣ «ስለናት ለጥቂት ሳተች፤ ግን ከሁላችሁ ትሻላለች፣ ቁጥር ተናግራለች» አለችን። ስለናት ሳምንቱን ሙሉ ስትንቀባረር ከረመች። ታማ የተመሰገነች እሷን ብቻ ነው የማውቅ።

«ብዙ» ቁጥር አይደለም ትለን ነበር። «ትንሽ»ም ቁጥር አይደለም። ያልተቆጠረ ነገር ወሬ ነው። ስለ ቲዎሪ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «ቲዎሪ ሽማግሌ ነው። ሲገባ ትነሡለታላችሁ። ከተነሣችሁ አይቀር ግን፣ ቆማችሁ ጠይቁት።» ይህን ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌው እናቴ «ደግሞ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው!» ብላኛለች።

የዳባት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትሠራ ሥራዋ መቁጠር ነበር፤ የምትቆጥረው ግን በግ አይደለም። እሷ እንዳስረዳችን ላስረዳችሁ። ማንኛውም ነገር እየተከፋፈለ ቢሄድ መጨረሻው ላይ ደቃቅ ቅንጣቶች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ዕድሜ የላቸውም፤ ተወልደው ዓይን ሳይርገበገብ ይፈርሱና ወደ ሌላ ቅንጣት ይለወጣሉ። የሚፈርሱበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ መንገድ ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ ከቢሊዮን ጊዜ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ቲዎሪው ያ ብርቅ ነገር ከስንት አንዴ እንደሚሆን ቀድሞ ተናግሯል። የቀረው መቁጠር ነው። ከተባለው እጅግ በልጦ ከተገኘ፣ ወይም ጨርሶ ከጠፋ፣ ቲዎሪው የማያውቀው ነገር በዓለም ላይ አለ ማለት ነው።

«ቲቸር፣ ያን ያህል ብርቅ ነገር እንዴት ይሆናል?» አልኳት አንድ ቀን።

«ከዚህ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ በየት ያልፋል?» አለች ለክፍሉ።

«በዳባት!»

«ዳባት ሲደርስ ምን ያደርጋል?»

«ይቆማል! ይጭናል!»

«ሞልቶም ቢሆን?»

«ሞልቶም ቢሆን!» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ሰው እጁን እያወዛወዘለት ሳይቆም ያለፈ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም!»

«ግን ከቶ አይሆንም ብላችሁ ትምላላችሁ? አትምሉም። እንግዲያው መንገድ ዳር ተቀምጦ መቁጠር ነው። አንድ ቀን አንዱ ሳይቆም ያልፍ ይሆናል። እሱን አንዱን ለማየት ግን ሌሎቹን ሁሉ ሳትሰለቹ ማየት አለባችሁ።»

የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ጋሽ ታከለ ይህን ሁሉ በመስኮት ይሰሙ ነበር። ጋሽ ታከለ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ የማይመለከታቸውን ነገር ሁሉ የሚመለከቱ ሰው ናቸው። ቲቸር ዝማም ስትወጣ በር ላይ ጠበቋት።

«አንቺ ልጅ፣ በሞቴ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ምን አገኘሽ?»

«ቲዎሪው ልክ መሆኑን ጋሼ።»

«እሱንማ ድሮም ያውቁት የለም?»

«ያምኑት ነበር እንጂ አያውቁትም ነበር።»

«ኤዲያ! እምነትና ዕውቀትን ልታጣዪ ነው የመጣሽ?»

«የለም፤ ቆጥሬ ላስታርቃቸው ነው።»

ጋሽ ታከለ ዱላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ይህ በእሳቸው ዘንድ ትልቅ አድናቆት ነው።

ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ቲቸር ዝማም ከጎንደር አንድ ካርቶን ይዛ መጣች፤ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋው። ሩቅ አገር ያለ ትልቅ ላቦራቶሪ ቅንጣትን ከቅንጣት እያጋጨ ካነሣው ሥዕል ለተማሪ የተለቀቀውን አውርዳ አሳትማው ነው። ሥዕሎቹ ከአንድ ነጥብ የሚፈነጥቁ መስመሮች ናቸው፤ አብዛኞቹ ነፋስ የበተነው ጭድ ይመስላሉ። የምንፈልገው ሁለት መስመሮች ብቻ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው፣ ሁሉን ሰንጥቀው ወደ ውጪ የወጡበትን ነው። ከየሥዕሉ ግርጌ ደግሞ አንድ ቁጥር አለ። የፈረሰው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚናገር ቁጥር ነው። ሥዕሉ ጥሩ ሆኖ ቁጥሩም ቲቸር ዝማም ባሰመረችው ጠባብ ክልል ውስጥ ከወደቀ፣ ብርቁን ነገር አገኘን ማለት ነው። ቲዎሪው ትክክል ከሆነ ከዚያ ካርቶን ውስጥ ሦስት ገደማ መውጣት አለበት።

እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት አሥራ አንድ ነን። ካርቶኑ ላይ ልንረባረብ ስንል ቲቸር ዝማም መቀስ አወጣችና ቁጥሮቹን ከየሥዕሉ ላይ መቁረጥ ጀመረች!

«ቲቸር! ምን እያደረጉ ነው?» አለች ስለናት፣ የእሷን ቀሚስ የቀደዱባት ይመስል።

«መልሱን ካያችሁ ዓይናችሁ መልሱን ይፈልጋል። መጀመሪያ ሥዕሉን ሳታውቁት ፍረዱ። ቁጥሩን በኋላ እንከፍተዋለን።»

ፊታችን ላይ ያልገባን ነገር አየች መሰለኝ፣ በመስኮቱ ተጣራች። «ጋሽ ታከለ፣ እስቲ ገብተው ያስተምሩልኝ!»

ጋሽ ታከለ ገቡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ሰሌዳውን ጀርባ ሰጡት፣ ሊስቁ ያሰቡትን በዓይናቸው ገረመሙ። በሰፈሩ ቅርጫ ሲታረድ ሥጋውን መደብ በመደብ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።

«ቅርጫ ስትገቡ መደቡ ለምን እኩል ይሆናል?» አሉ።

«ስለሚመዘን?» አለ አንዱ።

«ምን ሚዛን አለ! በእጅ ነው። እኩል የሚሆነው እኔ ስከፋፍል የኔ መደብ የትኛው እንደሚሆን ስለማላውቅ ነው። ባውቅማ ሽንጡ ወዴት እንደሚሄድ ታውቁ ነበር!» ሳቅን። «ከዚያ አንዱ ጠጠር ይሰጣል፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት። ዕጣ የሚጥለው ሰውዬ ያን ጊዜ ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆም። የማን ጠጠር የማን ቁልፍ እንደሆነ አያይም። ካየ ይወጣል፤ ያየ ሰው ዕጣ አይጥልም።»

«ታማኝ ሰው ቢሆንስ ጋሼ?» አልኩ እኔ።

«ታማኝም ቢሆን። ልቡ ንጹሕ ቢሆን እጁ ያዳላል።»

ቲቸር ዝማም ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ዩኒቨርሲቲ ይህን ለመረዳት አንድ መንፈቅ ፈጅቶብኛል» አለች። «በሉ፣ አሁን ቁጥሮቹን የምታጣጥፍ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። እንጉዳይ፣ ነይ። ጽሑፉን ወደ ታች አድርገሽ አጣጥፊ። አታንብቢ።»

እንጉዳይ እኔ ነኝ።

አነበብኩ።

ምክንያት ልሰጥ አልፈልግም፤ ግን አንድ ነገር ልበል። ወደ እኛ ከተማ ሰው የሚመጣው ዋልያና ጭላዳ ሊያይ ነው። ፈረንጅ በመኪና ይመጣል፣ ጭላዳ ያነሣል፣ ይሄዳል። እኛ የመንገዱ ዳር ነን። «ደባርቅ? አዎ፣ ወደ ስሜን የሚታለፍባት» ይባላል። እኔ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አንዴ ሰምቼ የምይዝ ልጅ ነኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሥዕሉ መለያ አለ። በጠባቡ ክልል ውስጥ የወደቁ ቁጥሮችን ሳይ መለያቸው ልቤ ውስጥ ቀረ። ቁራጮቹ የገቡበት የቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፎ ጋሽ ታከለ ዘብ ቤት ገባ፤ መለያዎቹ ግን ከእኔ ጋር ቤቴ ገቡ።

ለብዙ ሳምንት ከትምህርት በኋላ እየተቀመጥን ሥዕል ፈረድን። «ጥሩ»፣ «መጥፎ»፣ ካላወቅን «?»። የራሴን ክምር ስገላልጥ እነዚያ መለያዎች አንድ በአንድ መጡ። መስመሩ ከየት እንደተነሣ የማያስታውቅ ሥዕል ላይ «?» እጽፋለሁ፣ መለያውን አያለሁ፣ በላጲስ አጠፋለሁ፣ «ጥሩ» እጽፋለሁ። አምስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። በጊዜው ማታለል አልመሰለኝም፤ የወደቀ ሰው ማንሣት ነበር የመሰለኝ።

ሳጥኑ ተከፈተ። ሦስት ገደማ በተባለበት ስምንት ወጣ!

ምን ዓይነት ጩኸት እንደጮኽን! ቲዎሪውን ጣልነው! ስለናት ወንበር ላይ ወጥታ እስክስታ መታች። ርእሰ መምህሩ አቶ ሙላት ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ሲነገራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ይህን ልክደው አልችልም። ክፉ ሰው አይደሉም። «ስለ ዝንጀሮአችን እንጂ ስለ ልጆቻችን ማን አውርቶ ያውቃል!» አሉ። ያኔ ጎንደር ላይ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር ሊደረግ ነበር። አቶ ሙላት እዚያው ስልክ ደወሉ። በማግስቱ ባነር ተሠርቶ መጣ፦ «የደባርቅ ተማሪዎች የዓለምን ቲዎሪ ጣሉ!» ፊደሉ ቀይ፣ ጨርቁ ነጭ፣ ርዝመቱ የክፍሉን ግድግዳ የሚያህል።

ያልጮኸች ቲቸር ዝማም ብቻ ነበረች። ስምንቱን ሥዕሎች ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ በዝግታ ታያቸዋለች። ከአሥራ አንድ ሰው ክምር ውስጥ ስድስቱ ከአንድ ሰው ናቸው። አንዱን ሥዕል አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። የላጲስ ፋቅታ በብርሃን ያስታውቃል።

ስሜን አልጠራችም። ወደ እኔም አላየችም። «ቅርጫ ላይ» አለች ለሁላችን፣ «ዕጣውን ያየ ሰው ከተገኘ ምን ይደረጋል?»

«መደቡ ተቀላቅሎ እንደገና ይወጣል» አሉ ጋሽ ታከለ ከበሩ።

«የሚያፍር አለ?»

«የሚያሳፍረው ሥጋውን ይዞ ቤቱ ሲገባ ነው። እስከዚያ ድረስማ ምን አለ።»

ተነሣሁ። «እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

ስለናት አፏን በእጇ ያዘች። የደስታ ጩኸት ሲጠፋ ክፍል እንዴት እንደሚሰፋ ያን ቀን አወቅሁ። ቲቸር ዝማም ግን ጠመኔዋን አነሣችና ሰሌዳው ላይ ያለውን ስምንት ቁጥር አጥፍታ በቦታው «አልተቆጠረም» ብላ ጻፈች። ከዚያ፣ «ስንት አየሽ?» አለችኝ።

«አምስት።»

«ጥሩ ነው። ቁጥር ተናግረሻል።»

በማግስቱ አቶ ሙላት ሁለታችንን ቢሯቸው ጠሩን። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። ባነሩ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል።

«ቲቸር ዝማም፣ ይህ ውጤት ትክክል ነው ብለሽ ፈርሚልኝ። ውድድሩ ሰኞ ነው።»

«አልፈርምም። አልተቆጠረም።»

«አምስቱን ቀንሺዋ! ስምንት ሲቀነስ አምስት፣ ሦስት። ቲዎሪሽም ሦስት ነው ያለ። ምን ጎደለ?»

«እሱ ሂሳብ ነው፣ ልኬት አይደለም። ከአምስቱ ውስጥ ቁጥሩን ሳታይ ጥሩ ትለው የነበረው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እሷም አታውቅም። ይልቅ ሌላ ያላየ ሰው እንደገና ይቁጠረው። ጊዜ ይስጡኝ።»

«ባነሩ ተሠርቷል እኮ!»

«ባነር አይቆጠርም።»

አቶ ሙላት ፊታቸው ቀላ። ሁለተኛውን ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። «ስሚኝ። ለዞን ተናግሬአለሁ። የዚህ ትምህርት ቤት ስም በእኔ አፍ ተጠርቷል። ወይ ፈርሚ፣ ወይ ይህን የዝውውር ፎርም ሙዪ፤ ከዚህ ወዲያ አብረን መሥራት አንችልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «እንጉዳይ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ተደናግጠሽ ነው እንጂ አላየሽም። አይደል? አላየሁም ካልሽ ነገሩ አለቀ። ቲቸርሽም እዚሁ ትቀራለች።»

ይኸውላችሁ። እሷን እዚህ ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው። እኔ ብቻ ነኝ ልናገረው የምችል።

ቲቸር ዝማምን አየኋት፤ ፊቷ ላይ ምን እንደምትፈልግ ላነብ። እሷ ግን ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዕጣ እንደሚጥለው ሰው ፊቷን አዙራ ቆመች። ተናድጄባት ነበር፤ ለምን ትተወኛለች ብዬ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ፊቷን ባየው ኖሮ የምመልሰው እሷ የምትፈልገውን ነበር።

የቦት ጫማዋ ተረከዝ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር። እሱን እያየሁ፣

«አይቻለሁ» አልኩ።

ቲቸር ዝማም ዞረች። ተቀመጠች። ከኪሷ አረንጓዴውን ስክሪፕቶ አወጣችና ፎርሙን መሙላት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አቶ ሙላት። እንደምትሞላው አላሰቡም፤ ድንጋጤያቸው ያስታውቅ ነበር።

«የሚፈለግበት ቦታ የሚለው ላይ ነኝ። ዛሪማ ፊዚክስ መምህር የላቸውም ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ዛሪማ! በዚያ ሙቀት?»

«ስንት?» አለች፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ፎርሙን አስረከበቻቸው። «አቶ ሙላት፣ የፊዚክስ ሕግ ሊማሊሞን ሲወርድ አይለወጥም።»

ግቢው ውስጥ እያለቀስኩ ተከተልኳት። «ቲቸር፣ እኔ ነኝ ያስባረርኩዎት!»

«ስንት ቃል ተናገርሽ?»

«አንድ።»

«ባነሩ ላይ ስንት አለ?»

በእንባዬ መሃል ቆጠርኩ። «አምስት።»

«ያንቺ አንዱ ይበልጣል።» ከዚያ ቆም አለች። «ካሁን በኋላ ግን እነዚያን ሥዕሎች መፍረድ አትችይም። እኔም አልችልም፤ ሳጥኑ ሲከፈት ሁላችንም አይተናል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?»

ጋሽ ታከለ ዘብ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንደ ልማዳቸው ያልተጠየቁትን መለሱ። «ያየ ሰው ዕጣ አይጥልም» አሉ፤ «ያየ ሰው ይመሰክራል።»

«በቃ» አለች ቲቸር ዝማም፣ «እንጉዳይ፣ አንቺ ጻፊው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ከድርሰት ፈተና በስተቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን እዩኝ!

ሰኞ ለውድድሩ ማንም አልሄደም። ሐሙስ እሷ ሄደች፤ ሻንጣዋ ከላይ ታስሮ፣ ካርቶኑ እቅፏ ውስጥ። ካርቶኑ ውስጥ ምልክታችንም ቁጥሩም የሌለበት አዲስ ቅጂ ነው ያለው። የቁጥሮቹ ሳጥን ተመልሶ ተቆልፎ ጋሽ ታከለ ዘንድ ቀረ። ሥዕሉ ዛሪማ፣ ቁጥሩ ደባርቅ፤ መሃላቸው ሊማሊሞ። ከዚህ የተሻለ ቁልፍ ማን አለው? አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ስንት ኩርባ እንዳለው እቆጥርላችኋለሁ!» ብላ ጮኸች። ስለናትና እኔ ጉሙ እስኪውጠው ድረስ ቆመን አየን።

እንግዲህ ያ «ብዛት፦ አንድ» የሚለው ማስታወቂያ ከተለጠፈ ወዲህ ወር አልፏል። የመጣ ሰው የለም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከአዲ አርቃይ በኩል የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ጋሽ ታከለን አስጠርቶ አንድ ፖስታ ሰጣቸው። ውስጡ የዛሪማ ተማሪዎች ፍርድ ነው፤ «ጥሩ»፣ «መጥፎ»፣ «?»፣ ከነመለያው። ከሥሩ በአረንጓዴ ስክሪፕቶ፣ «ማንም አላየም። እኔም ፊቴን አዙሬ ነበር። ኩርባውን መሃል ላይ ስቼዋለሁ፤ እንደገና እቆጥራለሁ» ይላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘብ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ታከለ ቁልፉን ከአንገታቸው ክር ፈቱ። እኔ ምንም አልነካሁም፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ስለናት መለያውን ትጠራለች፣ ሌላው ቁራጩን ይፈልጋል፣ ጋሽ ታከለ ለእያንዳንዱ አንድ ጠጠር መሬት ላይ ያኖራሉ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ብዙ ቆየንና፣ አራት።

ሳጥኑ አለቀ።

ሦስት ገደማ ሲባል አራት ቢወጣ ልዩነት አይደለም፤ እሷ አስተምራናለች። ሽማግሌው አልወደቀም። ቆመን ጠየቅነው፣ መለሰልን። ዓለምን የሚያስገርም ነገር አላገኘንም፤ ግን ከቢሊዮን ጊዜ ጥቂት ጊዜ የሚሆነውን ነገር ደባርቅና ዛሪማ ላይ ሆነን በእጃችን ቆጠርነው፣ ማንም ሳያዳላ። እንደዚያን ቀን አልጮኽንም። ስለናት ብቻ ቀስ ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ያ ባነር የት ደረሰ?» አልኩ።

«ዕቃ ቤት ነው» አሉ ጋሽ ታከለ። «ጀርባው ግን ነጭ ነው።» ይህን ብለው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ረስተው ሽንት ቤት ሄዱ። ጋሽ ታከለ ቁልፍ ረስተው አያውቁም።

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ለባንዲራ ሲሰለፍ ባነሩ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ቀዩ ጽሑፍ ወደ ግድግዳው፣ ነጩ ወደ እኛ። በላዩ በአረንጓዴ ቀለም፦ «ተቆጠረ። አራት። ቲዎሪው ቆሟል። እኛም።»

አቶ ሙላት ረዥም ጊዜ አነበቡት። አምስት ቃል ያን ያህል ጊዜ አይወስድም። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሩ።

«ማን ነው ይህን የሰቀለ?»

ከሰልፉ ወጣሁ። «እኔ ነኝ።»

«ማን ቆጥሮት ነው?»

«ያላዩት ቆጠሩት ጋሼ። እኔ ያየሁት ጻፍኩት።»

ባነሩን አዩት፣ «ብዛት፦ አንድ» የሚለውን ማስታወቂያ አዩት፣ እኔን አዩኝ። አውርዱት ግን አላሉም። ርእሰ መምህር ናቸውና አንድ ነገር ማለት ስላለባቸው፣

«ነገ ወላጅ ይዘሽ ትመጫለሽ!» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እዚያ ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን አፌ ላይ የመጣውን መመለስ አቃተኝ።

«ስንት?»